አጭርነትና ግልጽነት በአማርኛ የስድ ንባብ ታሪክ

1. መነሻ

«አጭር ጽሑፍ ግልጽ ነው» የሚለው አባባል በብዙ የጽሕፈት መምሪያዎች እንደ ደንብ ተይዞ ይገኛል። በዚህም መሠረት የአራሚው ተግባር ቃል መቀነስ፣ ሐረግ መቁረጥ፣ ረጅሙን ዐረፍተ ነገር ከሁለት መክፈል ብቻ ይመስላል። የአማርኛን የስድ ንባብ ታሪክ ለተመለከተ ሰው ግን ነገሩ እንደዚህ ቀላል አይደለም። አጭርነትና ግልጽነት በቋንቋችን ታሪክ አንዳንድ ጊዜ አብረው ሄደዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ተለያይተዋል፤ እርስ በርሳቸው የተጣሉበትም ጊዜ አለ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ የተገናኙባቸውንና የተለያዩባቸውን ዋና ዋና ምዕራፎች በአጭሩ ማመልከት፣ ከዚያም በመነሣት አማርኛን አርሞ ግልጽ የማድረግ ሥራ በምን ላይ መመሥረት እንደሚገባው መጠቆም ነው። ጉዳዩ የቅልጥፍና ወይም የጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው በማያውቀው ሕግ ሲዳኝ፣ ባልገባው ደንብ ሲቀጣ፣ በተድበሰበሰ ውል ርስቱን ሲያጣ ጉዳቱ የሚደርሰው በአንባቢው ላይ እንጂ በጸሐፊው ላይ አይደለም። መዝገበ ቃላትና ስያሜ በማዘጋጀት ላይ ያለ ባለሙያም ከዚህ ኀላፊነት ውጪ ሊሆን አይችልም።

2. የማጠር ጥበብ ከስድ ንባብ በፊት

አጭርነት ለአማርኛ ተናጋሪ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ትምህርት ተማሪው በመጀመሪያ የሚቀኘው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ያለው ነው። በሁለት ስንኝ ውስጥ ሰሙም ወርቁም፣ ምስጢሩም ታሪኩም መግባት አለበት። ትርፍ ቃል እንደ ጉድለት ይቈጠራል። በሸንጎ ሙግትም ተረትና ምሳሌ የሚያውቅ ተሟጋች ብዙ ከሚናገረው ይልቅ ይከበር ነበር። «ለብልኅ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ይህንኑ አመለካከት ያሳያል፤ የሰሚው ብልኅነት ከተናጋሪው ቃል የጎደለውን ይሞላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የቅኔ አጭርነት የሚሸሽግ አጭርነት ነው። ደስታው የሚገኘው ሰሚው ወርቁን ፈልቅቆ ሲያወጣ ነው። ፍቺው አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለትና ሦስት መሆኑ ለባለቅኔው ምስጋና ያስገኝለታል። ለውል፣ ለአዋጅ፣ ለሕክምና መመሪያና ለመዝገበ ቃላት ግን ይኸው ጠባይ ጉድለት ነው። የሕግ አንቀጽ ሁለት ፍቺ ካለው የሚገኘው ውጤት አድናቆት ሳይሆን ክርክር ነው። ስለዚህ አማርኛ የስድ ንባብ ቋንቋ በሚሆንበት ጊዜ የገጠመው ፈተና የማጠር ችሎታ ማነስ አልነበረም፤ የሚገልጥ አጭርነትን ከሚሸሽግ አጭርነት መለየት ነበር።

ከቅኔው ጎን ለጎን የቆመ ሌላ ልማድም አለ፤ ይኸውም የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ ማለትም አንድምታ ነው። መምህሩ የግእዙን ንባብ ሐረግ በሐረግ ያነሣል፤ በአማርኛ ይመልሰዋል፤ ቀጥሎም «አንድም» እያለ ሌላውን ፍቺ ይጨምራል። አንድምታ ለረጅም ዘመን በቃል ሲተላለፍ የቆየ በመሆኑ ዐረፍተ ነገሩ ለጆሮ የተመጠነ ነው። አሻሚውን ነገር አይሸሽገውም፤ አሻሚ መሆኑን ተናግሮ ፍቺዎቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል እንጂ። ለግልጽ አጻጻፍ የሚያስፈልገው ሥነ ሥርዓት፣ ማለትም ሐሳብን ከፋፍሎ በተራ ማቅረብ፣ በዚህ ትምህርት ውስጥ አስቀድሞ ነበር ለማለት ይቻላል።

3. ከቃል ወደ ጽሕፈት

በአማርኛ የተጻፉ ጥንታዊ የሚባሉት ጽሑፎች ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ለነገሥታቱ የተገጠሙት የውዳሴ መዝሙሮች ናቸው፤ እነርሱም ግጥም ናቸው። በ17ኛው መቶ ዘመን በሃይማኖት ክርክር ምክንያት አማርኛ ለማስተማሪያ ጽሑፍ ማገልገል ጀመረ። በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1698፣ ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት አሳተመ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቀው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ ተቀምጦ ከፈረንሳዊው ቆንሲል ከአስላን ደ ሼርቪል ጋር መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ መለሰ። ይህ ትርጉም ታርሞ አዲስ ኪዳኑ እ.ኤ.አ. በ1829፣ መላው መጽሐፍ ደግሞ በ1840 ታተመ።

የዚህ መጽሐፍ ታሪክ ስለ እርማት ለሚያጠና ሰው ጥሩ ምስክር ነው። የመጀመሪያው ትርጉም በሌሎች እጅ ታረመ፤ በዚያው በ19ኛው መቶ ዘመን እንደገና ተሻሻለ፤ በ1954 ዓ.ም. አዲስ ትርጉም ታተመ፤ በ1980 ዓ.ም. ሌላ ትርጉም ወጣ። መልእክቱ ያው ሆኖ ሳለ አማርኛው በየትውልዱ መታረም አስፈልጎታል። ከግእዝ ወይም ከሌላ ቋንቋ የተወረሰው የቃላት ቅደም ተከተል ለአማርኛ ሰሚ እንግዳ የሚሆንበት ቦታ ስላለ፣ እያንዳንዱ ትውልድ አራሚ «ይህ ለዛሬ አንባቢ ይሰማልን?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ነበረበት።

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት፣ ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም.፣ አማርኛ የቤተ መንግሥት ደብዳቤና የዜና መዋዕል ቋንቋ ሆነ። ቀድሞ በግእዝ ይጻፍ የነበረው ዜና መዋዕል በደብተራ ዘነብና በአለቃ ወልደ ማርያም እጅ በአማርኛ ተጻፈ። የዚህ ዘመን አማርኛ ሲነበብ የሚነገር ይመስላል። ድርጊት በድርጊት ላይ በቦዝ አንቀጽ ይያያዛል፤ «ሄዶ፣ ገጥሞ፣ ድል አድርጎ፣ ተመለሰ» እያለ ይቀጥላል። ዐረፍተ ነገሩ ቢረዝምም ድርጊቱ በተፈጸመበት ተራ ስለሚነገር አንባቢው አይደናገርም። ይህንን ነጥብ ማስተዋል ይገባል፤ ርዝመት ብቻውን ጨለማ አይሆንም።

4. የአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ክብደት

በአማርኛ ጽሑፍ ታሪክ የግልጽነት ጉዳይ የሕዝብን ዕድል የሚወስን ሆኖ የታየው በውጫሌ ውል ላይ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ይህ ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተጻፈ ነበር። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቃል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል፤ የፈቃድ ነገር ነው። የኢጣልያንኛው ቃል ግን እንደ ግዴታ ተተረጎመ፤ በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ኢጣልያ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር መሆኗን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ከዚህ የተነሣው ጠብ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ጦርነት አደረሰ፤ ውሉም በ1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል ተሻረ።

የጦርነቱ ምክንያት የትርጉም ስሕተት ብቻ ነው ማለት የታሪኩን መሠረት መሳት ነው፤ የቅኝ ግዛት ፍላጎት ቀድሞም ነበረ። ሆኖም ለቋንቋ ባለሙያ አንድ ትምህርት ይገኝበታል። የአማርኛው ቃል በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ብቻ ተፈጽሟል፤ ቃሉም አንድ ነው፤ ግን ፈቃድን ከግዴታ በማያሻማ ሁኔታ ይለያል። ኢትዮጵያ ክርክሯን ልታቀርብ የቻለችው የአማርኛው ጽሑፍ ግልጽ ስለ ነበረ ነው። «ይቻላል»፣ «ይገባል»፣ «አለበት»፣ «ይሆናል» የሚሉት ማሰሪያዎች በሕግና በውል ውስጥ እንደ ዘበት ሊለዋወጡ የማይገባቸው ስለዚህ ነው። አራሚ ስለ ውበት ብሎ አንዱን በሌላው ቢተካ ዐረፍተ ነገሩን አላሳመረም፤ ውሉን ለወጠ እንጂ።

5. ማተሚያ ቤትና አዲሱ ጸሐፊ

በ1890ዎቹ ዓመታት በእጅ እየተገለበጠ መሠራጨት የጀመረው «አእምሮ» ጋዜጣ፣ በኋላም በ1917 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው «ብርሃንና ሰላም» አዲስ ዐይነት አንባቢ ፈጠሩ። ይህ አንባቢ ጽሑፉን ከመምህር አፍ አይሰማም፤ ብቻውን በዐይኑ ያነባል። የአንባቢውን ድምፅና ዕረፍት የሚተካው ሥርዓተ ነጥብ ብቻ ሆነ። ቀድሞ ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይለይ ነበር፤ አራት ነጥብም ሐሳቡን ይዘጋ ነበር። ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ያላቸው ድርሻ እየተለየ የመጣው በኅትመት ዘመን ነው። ዛሬ በኅትመት የቃላት መለያ የሆነው ባዶ ቦታ ሲሆን ሁለት ነጥቡ ከዕለታዊ ጽሑፍ ጠፍቷል ለማለት ይቻላል።

በዚህ ዘመን የጻፉት ሦስት ሰዎች ሦስት ልዩ ልዩ መንገድ ያሳያሉ። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የአማርኛን የቃላት ሀብት አሟጠው ተጠቅመዋል፤ ቃልን በቃል ላይ እየደረቡ ይጽፋሉ፤ የሚፈልጉት ውበትን ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. በታተመው «አዲስ ዓለም» እንደሚታየው ለትምህርትና ለምክር የተመጠነ፣ ሁሉም ሊረዳው የሚችል አማርኛ ይመርጣሉ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ሥራ፣ ስለ ሀብት፣ ስለ ንግድና ስለ ገንዘብ ጽፈዋል።

ለስያሜ ጥናት ከሦስቱ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው የገብረ ሕይወት ሥራ ነው። እርሳቸው በሚጽፉበት ጊዜ ዛሬ «ምጣኔ ሀብት» በሚል ስያሜ የምንጠራው የዕውቀት ዘርፍ በአማርኛ የተረጋገጠ የሙያ ቃል አልነበረውም። ስለዚህ ሐሳቡን በገበሬውና በነጋዴው ኑሮ እየመሰሉ፣ በሚታወቅ ቃል እየዘረዘሩ ማስረዳት ነበረባቸው። መጽሐፉ በዚህ ምክንያት ሰፋ ይላል፤ ነገር ግን ስለዚሁ ነገር ቀድሞ ምንም ያላነበበ ሰው ሊከተለው ይችላል። ስያሜ የማብራሪያን ቦታ ይቈጥባል፤ ማብራሪያው ሳይቀድም የመጣ ስያሜ ግን ቦታ ቈጥቦ አንባቢን ያከስራል።

6. የመዝገበ ቃላት ትምህርት

የቈጠባ ጽሕፈት በጥብቅ የሚፈተንበት ቦታ መዝገበ ቃላት ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን ሥራ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ዕድሜያቸውን ፈጸሙበት፤ መዝገበ ቃላቱም ከእርሳቸው ዕረፍት በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አዘጋጅነት በ1948 ዓ.ም. ታተመ። አለቃ ደስታም በበኩላቸው «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት»ን በ1962 ዓ.ም. አሳተሙ። በመካከሉ በ1951 ዓ.ም. የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት ወጥቷል። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል «አማርኛ መዝገበ ቃላት»ን አሳተመ። የመጀመሪያው ሥራ በሦስት ትውልድ እጅ ማለፉ ራሱ የእርማትን ትርጉም ይገልጻል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው መርምሮ፣ ጨምሮ፣ ቀንሶ ለአንባቢ አደረሰ።

በመዝገበ ቃላት ውስጥ ትልቁ ፈተና በተመሳሳይ ቃል የመፍታት ልማድ ነው። «ደግ» በሚለው ሥር «መልካም»፣ «መልካም» በሚለው ሥር «ደግ» ቢጻፍ ፍቺው ከዚህ በላይ ሊያጥር አይችልም፤ ሆኖም ቃሉን የማያውቅ ሰው ከአንዱ በር ወጥቶ በሌላው ይመለሳል እንጂ ከቤቱ አይወጣም። «ሰበረ»፣ «በጠሰ»፣ «ቀደደ» የሚሉትን ሦስቱንም «ከሁለት ለየ» ብሎ መፍታትም እንደዚሁ ነው። ዱላ ይሰበራል፣ ገመድ ይበጠሳል፣ ጨርቅ ይቀደዳል። ልዩነቱ ያለው በተሳቢው ጠባይ ላይ በመሆኑ «ደረቅ ነገርን»፣ «ገመድን ወይም ክርን»፣ «ጨርቅንና ወረቀትን» የሚሉ ጥቂት ቃላት መጨመር ግድ ነው። እነዚህ ቃላት ትርፍ አይደሉም፤ ፍቺው የቆመው በእነርሱ ላይ ነው። ትርፍ የሚባለው ቃል ቢወጣ ምንም የማይጎድልበት እንጂ ቢወጣ ጽሑፉ የሚያጥርበት ሁሉ አይደለም።

7. የሕግና የመሥሪያ ቤት አማርኛ

ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መውጣት ከጀመረ ወዲህ ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3367 ቊጥሮች አሉት። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈው ረቂቅ ወደ አማርኛ ተመልሷል። ለተርጓሚዎቹ የቀረበው ሥራ እጅግ ከባድ ነበር። ቀድሞ በአማርኛ ያልተሰየመ የሕግ ሐሳብ ሁሉ ስም ያስፈልገው ነበር፤ ማሰሪያው ከመካከል የሚገኝበት የፈረንሳይኛ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያው ከመጨረሻ ወደሚገኝበት ወደ አማርኛ መገልበጥ ነበረበት። ሕጉ አንቀጾቹ አጫጭር መሆናቸው ተርጓሚውንም ዳኛውንም ረድቷል። ቢሆንም በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል የማይስማሙ ቦታዎች መኖራቸው በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 106 የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው መሆኑን ይደነግጋል። በዚያው ዓመት የወጣው ስለ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የተደነገገው አዋጅ ቊጥር 3 ደግሞ አማርኛውና እንግሊዝኛው ሲለያዩ የአማርኛው እንደሚጸና ይናገራል። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ አማርኛው አሻሚ ከሆነ የሚያስታርቀው ሌላ ጽሑፍ የለም።

በዚህ ላይ የአማርኛ ጽሕፈት አንድ የተለየ ችግር አለበት። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ምስክሩ ይሰማል» የሚለውን ሁለት ቃል እንመልከት። «መ» ሲላላ ምስክሩ ራሱ ሰሚ ነው፤ «ሰ» እና «መ» ሲጠብቁ ግን ምስክሩ የሚሰማ፣ ቃሉን የሚሰጥ ነው። አድራጊውና ተደራጊው በጽሕፈት አንድ ሆኑ። «ፈቃድ ይሰጣል»፣ «ይመታል»፣ «ይበላል» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። በንግግር ይህ አያስቸግርም፤ ጆሮ ይለየዋል። በጽሕፈት ግን አጭሩ ዐረፍተ ነገር አሻሚ ሆነ። «ፍርድ ቤቱ ምስክሩን ይሰማል» ብንል ባለቤቱ ታወቀ፤ የተሳቢው ምልክት «ን» ደግሞ ጥርጣሬውን አጠፋው። አንድ ባለቤትና አንድ ፊደል መጨመር የክርክርን በር ይዘጋል። የአማርኛ አራሚ ከሌላ ቋንቋ አራሚ ይልቅ ለባለቤትና ለተሳቢ ምልክት የበለጠ ጥንቃቄ ማድረግ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

8. አዲስ አንባቢና አዲስ ስያሜ

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. መቋቋሙ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተብሎ ሥራው መስፋቱ የስያሜን ጉዳይ በተቋም ደረጃ እንዲያዝ አደረገው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የፖለቲካ ስያሜዎች በብዛትና በፍጥነት ገቡ። «ርዕዮተ ዓለም»፣ «ወዛደር»፣ «ንቃተ ኅሊና» የሚሉት ቃላት ከጋዜጣና ከራዲዮ አልፈው በቀበሌ ስብሰባ ይሰሙ ጀመር። በ1978 ዓ.ም. የማርክሲዝም ሌኒኒዝም መዝገበ ቃላት መታተሙ ስያሜው ከፍቺው እጅግ ቀድሞ እንደ ተሠራጨ ያመለክታል፤ ቃሉን ሁሉም ይለዋል፣ የሚፈታው ግን ጥቂት ነበር።

በሌላ በኩል በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደል የቈጠሩ ብዙ ሰዎችን አፈራ። ለእነዚህ አንባቢዎች ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ንጽሕና የሚዘጋጅ ጽሑፍ ሌላ ዐይነት ቈጠባ ይጠይቅ ነበር። ቃሉ የታወቀ፣ ሐሳቡ አንድ በአንድ፣ ድርጊቱም በሚፈጸምበት ተራ መሆን ነበረበት። አንድ አዲስ አንባቢ ውሃ አፍልቶ ስለ መጠጣት የተጻፈውን ካልተረዳ ጥፋቱ የአንባቢው ነው ለማለት አይቻልም። እንግዲህ በአንድ ዘመን ውስጥ ሁለት አማርኛዎች ጎን ለጎን ቆሙ፤ አንዱ በስያሜ አጥሮ ለብዙዎች የተዘጋ፣ ሌላው በማብራሪያ ሰፍቶ ለብዙዎች የተከፈተ።

9. እርማት በምን ይመራ?

ከላይ የታየው ታሪክ በቃል ቈጠራ መመራት እንደማያዋጣ ያሳያል። ከዚህም በላይ የአማርኛ ቃል ራሱ ለቈጠራ አይመችም። «አልነገርናቸውም» አንድ ቃል ነው፤ አሉታውን፣ ድርጊቱን፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን በአንድነት ይዟል። ይህንኑ ለመግለጽ ሌሎች ቋንቋዎች አራትና አምስት ቃል ያወጣሉ። በአማርኛ አንባቢውን የሚያደክመው የቃላቱ ብዛት ሳይሆን ማሰሪያው እስኪመጣ ድረስ በአእምሮው ተሸክሞ የሚቈየው ያልታሰረ ሐሳብ ነው። ማሰሪያ አንቀጽ ከመጨረሻ ስለሚመጣ፣ በባለቤትና በማሰሪያ መካከል የሚገቡ ሐረጎች ሁሉ ሸክም ናቸው።

በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ውስጥ የተለመደውን አነጋገር የሚመስል አንድ ዐረፍተ ነገር ለምሳሌ አዘጋጅተን እንመርምር፦

«በድርጅቱ ሠራተኞች በኩል የሥራ ሰዓትን የማክበር ሁኔታ በሚፈለገው ደረጃ ላይ ሳይገኝ በመቅረቱ ምክንያት ይህንኑ በሚመለከት አስፈላጊው እርምጃ እንዲወሰድ ለማድረግ ይቻል ዘንድ ማሳሰቢያ መስጠቱ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።»

ይህ 26 ቃል ነው። «በኩል»፣ «ሁኔታ»፣ «ደረጃ ላይ»፣ «ምክንያት»፣ «በሚመለከት»፣ «ሆኖ ተገኝቷል» የሚሉት ምንም አልጨመሩም። «ማክበር» እና «መስጠት» ግስ ሊሆኑ ሲገባቸው በአርእስትነት ታስረው ቀርተዋል። ቃል ቀናሽ አራሚ ይህንን እንዲህ ያሳጥረዋል፦

«የድርጅቱ ሠራተኞች የሥራ ሰዓት ስለማያከብሩ እርምጃ እንዲወሰድ ማሳሰቢያ ተሰጥቷል።»

አሁን 9 ቃል ብቻ ነው። አጭርነቱ የሚያስመሰግን ይመስላል። ግን ማን አሳሰበ? እርምጃውን የሚወስደው ማን ነው? እርምጃውስ ምንድን ነው? ያላከበሩት ሁሉም ሠራተኞች ናቸውን? አንዱም አልተመለሰም። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጉድለቱን በቃል ብዛት ሸፍኖት ነበር፤ ሁለተኛው ሽፋኑን ገፈፈው እንጂ ጉድለቱን አልሞላውም። ሦስተኛው እርማት ጸሐፊውን ሳይጠይቁ ሊደረግ አይችልም። ተጠይቆ መልስ ቢሰጥ ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አንዳንድ የድርጅቱ ሠራተኞች የሥራ ሰዓት አያከብሩም። ስለዚህ የየክፍሉ ኀላፊ ዘግይቶ የገባውን ሠራተኛ ስም በየዕለቱ መዝግቦ ለአስተዳደር ክፍል እንዲያስተላልፍ ሥራ አስኪያጁ አዟል።»

ይህ 21 ቃል ነው፤ ከሁለተኛው ከእጥፍ በላይ ይረዝማል፣ ከመጀመሪያውም ብዙ አያጥርም። ነገር ግን አድራጊው ታወቀ፤ የሚደረገው ታወቀ፤ ሐሳቡም በሁለት ማሰሪያ ተከፍሎ ቀለለ። ሠራተኛው ምን እንደሚጠብቀው፣ ኀላፊው ምን እንደታዘዘ ያውቃል። ቈጠባ የሚመዘነው በተረፈው ወረቀት ሳይሆን በቀረው ጥያቄ ማነስ ነው።

ከዚህ በመነሣት አራሚ በተራ ሊያነሣቸው የሚገቡ ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ባለቤቱ ማን ነው? በተደራጊ ግስ ከተሸሸገ መሸሸጉ ምክንያት አለውን?

ለ. ድርጊቱ በግስ ተነግሯል ወይስ «የማድረግ ሁኔታ»፣ «የመስጠት ተግባር» በሚል ስም ታፍኗል?

ሐ. በጽሕፈት መጥበቅና መላላት ስለማይታይ በሁለት መንገድ ሊነበብ የሚችል ቃል አለን? ካለ የትኛው ምልክት ይለየዋል?

መ. ማሰሪያው እስኪመጣ ድረስ አንባቢው ስንት ያልታሰረ ሐሳብ ይሸከማል?

ሠ. የሙያ ስያሜው ለዚህ አንባቢ የታወቀ ነውን? ካልሆነ በመጀመሪያ በተነሣበት ቦታ ተፈቷልን?

ቃል የመቀነስ ሥራ የሚመጣው እነዚህ ከተመለሱ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጉድለት ያለበት ጽሑፍ ጉድለቱን እንደ ያዘ ያጥራል።

10. ማጠቃለያ

የአማርኛ የስድ ንባብ ታሪክ ከቅኔ የወረሰው አጭርነት አለው፤ ከአንድምታ የወረሰው ዝርዝር ግልጽነትም አለው። ዜና መዋዕሉ ረጅም ሆኖ ግልጽ መሆን እንደሚቻል፣ የውጫሌ ውል አንድ ማሰሪያ አንቀጽ ብዙ እንደሚሸከም፣ መዝገበ ቃላቱ ደግሞ ሁለትና ሦስት ቃል መጨመር ፍቺን እንደሚያድን አሳይተዋል። ከእነዚህ ሁሉ የምናገኘው መመዘኛ አንድ ነው፤ ከአንባቢው አእምሮ ጥርጣሬን የማያነሣ ቃል ሁሉ ይውጣ፤ የሚያነሣ ቃል ሁሉ ይግባ።

ለስያሜና ለመዝገበ ቃላት ሥራ ይህ መመዘኛ ተጨባጭ ግዴታ ያስከትላል። አዲስ ስያሜ ሲወጣ አጭር መሆኑ ብቻ ሊያስመርጠው አይገባም፤ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ፣ ከቅጥያዎች ጋር ተዋሕዶ፣ ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ከሌላ ቃል ጋር አለመምታታቱ መፈተን አለበት። ፈተናውም በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ሳይሆን ቃሉ በሚሠራበት ቦታ፣ በችሎት፣ በሐኪም ቤት፣ በትምህርት ቤትና በገበሬው ማኅበር መካሄድ ይገባዋል። ቃሉን የሚያጸናው በመጨረሻ ያ አንባቢ ነውና።